ልጅዎ ሃይስኩል ኳየር ገብቷል? ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ኳየር፣ ማለትም የመዘምራን ቡድን፣ የመረጡ ልጆች ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ይዘው ቤት ይገባሉ። የዓመቱ የኮንሰርት ቀናት፣ የልብስ ክፍያ፣ የመቅረት ደንብ፣ የጉዞ ዕቅድ ሁሉ እዚያ ላይ አለ፤ መጨረሻው ላይ የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል። ከሥራ ደክሞ የገባ ወላጅ "የት ጋ ነው የምፈርመው?" ብሎ ይፈርምና ይረሳዋል። ነገሩ የሚነሳው ዲሴምበር ላይ ኮንሰርቱና የዘመድ ሠርግ አንድ ቀን ሲውሉ ነው። ከታች ያሉት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልም ሆነ በዳላስ ያሉ ሐበሻ ወላጆች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ መሠረቱ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ኳየር ክበብ ነው ወይስ ትምህርት?

ትምህርት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው። እኛ አገር ቤት ሃይስኩል ስንማር ሙዚቃ ማለት ሚኒ ሚዲያ ወይም የወላጆች በዓል ዝግጅት ነበር፤ የፈለገ ይገባል፣ የሰለቸው ይቀራል፣ ካርድ ላይ አይወጣም። እዚህ ኳየር እንደ ኬሚስትሪ የራሱ ክፍለ ጊዜ፣ የራሱ መምህር፣ የራሱ ፈተናና ውጤት አለው። በአንዳንድ ትምህርት ቤት በየቀኑ፣ በአንዳንዱ ደግሞ አንድ ቀን እየዘለለ ረዘም ላለ ሰዓት ይሰጣል። ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገቡ) ላይ ይጻፋል፤ በአብዛኛው ቦታም ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ውስጥ ይገባል።

ክሬዲቱም ለምረቃ ይቆጠራል። ሜሪላንድ ሃይስኩል ለመጨረስ አንድ የሥነ ጥበብ ክሬዲት ትጠይቃለች፤ ቴክሳስም እንደዚሁ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ የሚያመለክት ተማሪም የአንድ ዓመት የሥነ ጥበብ ትምህርት ሊኖረው ይገባል። ኳየር ይህንን ይሞላል። በእርስዎ ስቴት ስንት እንደሚያስፈልግ ካውንስለሩን፣ ማለትም የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል።

ድምፁ ጥሩ ካልሆነ ይወድቃል?

አይወድቅም። በጀማሪዎች የኳየር ክፍል የድምፅ ማማር ውጤት አይሰጥበትም ማለት ይቻላል። ነጥቡ የሚሰበሰበው ከሌላ ቦታ ነው፦ ደወል ሲደወል ቦታው ላይ መገኘት፣ ጥቁር ፎልደርና እርሳስ ይዞ መምጣት፣ ማስቲካ አለማኘክ፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ መተው። እርሳስ የተባለው በምክንያት ነው። ኖታው የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ዓመቱ ሲያልቅ ምልክቱ በላጲስ ይጠፋና ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል፤ በእስክሪብቶ የጻፈበት ወይም የጣለው ሊከፍል ይችላል። ፎቶኮፒ አድርጎ መተካትም አይቻልም፤ የታተመ ኖታ የቅጂ መብት አለው።

ከዚያ ውጪ የኖታ ንባብ ፈተና አለ። አንዳንዴም አራት ተማሪ አራት ድምፅ ይዞ ቆሞ ይዘምርና እያንዳንዱ የራሱን መስመር ማወቁ ይታያል። ትልቁን ክብደት የሚይዘው ግን ኮንሰርቱ ነው።

ኮንሰርት ቢቀር ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። ኮንሰርት የኳየር ፈተና ነው ብለው ያስቡት። ልጁ ፋይናል ፈተና ባለበት ቀን ሠርግ አይወስዱትም፤ ይህም እንደዚያ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ተማሪ የዚያን ኮንሰርት ነጥብ ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል፤ እስከዚያ ኤ የነበረው ውጤት በአንድ ምሽት ይወርዳል።

በቂ ምክንያት የሚባለው በመመሪያው ላይ ተዘርዝሯል። ሕመም፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ ሃይማኖታዊ በዓል በአብዛኛው ቦታ ይገኙበታል። የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ የእግር ኳስ ልምምድ፣ "የሚያደርሰው ሰው አልነበረም" በአብዛኛው አይገኙበትም። የመጨረሻው ቤተሰቦቻችንን ደጋግሞ የሚመታው ነው፤ አባት ማታ ታክሲ ላይ፣ እናት ሆስፒታል ተረኛ ሆና ልጅ መንገድ ላይ ይቀራል። ቀኖቹ ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ላይ ስለሚታወቁ ያኔውኑ ስልክዎ ላይ ያስገቧቸውና ከሌላ የኳየር ወላጅ ጋር ማን እንደሚወስድ ይነጋገሩ። የሚቸገር ልጅ እንዳለ ቀደም ብሎ የተነገረው መምህር መላ አያጣም፤ ከኮንሰርቱ በኋላ ግን ሊያደርግ የሚችለው ትንሽ ነው።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ይጻፋሉ፤ አንዱ ተማሪው የሚደርስበት፣ ሌላው ሕዝብ የሚገባበት ነው። ኮንሰርቱ 7:00 ከሆነ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ልጁ ምናልባት በ6:00 ለብሶ ዝግጁ ሆኖ ቆሞ መገኘት አለበት። ድምፅ የሚያሟሙቁት፣ መድረክ ላይ አቋቋማቸውን የሚያስተካክሉት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። እንደ ሐበሻ ቀጠሮ አርፍዶ የሚመጣ ልጅ በሩ ላይ "ዛሬ አትዘምርም" ሊባል ይችላል፤ መምህሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ መቆሚያው ደረጃ ላይ የእያንዳንዱ ቦታ የተሰፈረ ስለሆነ ነው።

ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ሳምንት ከትምህርት በኋላ የሚደረግ ረጅም ልምምድም አለ። እሱም ግዴታ ነው፤ ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ለመግባት ፈተና አለ?

ለጀማሪዎች የለም፤ የተመዘገበ ሁሉ ይገባል። ከዚያ በላይ ያሉት፣ በተለይ ቻምበር ኳየር የሚባለው ትንሹና ጠንካራው ቡድን፣ ኦዲሽን አላቸው። ኦዲሽኑ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። መምህሩ ፒያኖ ላይ ይመታል፣ ልጁ ያንኑ ይደግማል፤ ዶ ሬ ሚ ወደ ላይና ወደ ታች ያስኬዱታል፣ ድምፁ እስከ የት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይመዘግባሉ፤ አንድ አጭር መዝሙር ብቻውን ይዘምራል፤ በመጨረሻ አይቶት የማያውቀው ጥቂት መስመር ኖታ ይሰጠዋል። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህች መጨረሻዋ ላይ ነው። ድምፁ እንደ ማር የሆነ ልጅ ኖታ ባለማንበቡ ይቀርና ድምፁ መካከለኛ የሆነው አንባቢ ይገባል። ልጅዎ ወደላይ መሄድ ከፈለገ በቀን አሥር ደቂቃ ኖታ ማንበብ ከማንኛውም የድምፅ ሥልጠና ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ክፍል ውስጥ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?

መጀመሪያ ይቆማሉ። ትከሻ ያንከባልላሉ፣ አንገት ያላላሉ፣ በአፍንጫ ስበው በ"ስ" ድምፅ ቀስ ብለው ያወጣሉ። ቀጥሎ ከንፈራቸውን እያርገበገቡ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቤት ውስጥ መኪና የሚያስነሳ የሚመስል ድምፅ ከሰሙ የቤት ሥራውን እየሠራ ነው።

ከዚያ የእጅ ምልክት አለ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የእጅ ቅርጽ አላቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጆን ከርዌን ያስፋፋው ዘዴ ነው። ዶ ወገብ አካባቢ የተጨበጠ እጅ ነው፤ ሚ መዳፍ ወደ ታች ተዘርግቶ፤ ሶል መዳፍ ወደ ደረት ዞሮ። ድምፁ ሲወጣ እጁም ይወጣል። ለዓይን የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ልጁ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት በአካሉ ማወቁ ነው።

ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክፍሉ በአራት ይከፈላል። ከሴቶቹ ቀጭኑ ድምፅ ሶፕራኖ፣ ወፈር ያለው አልቶ፤ ከወንዶቹ ቀጭኑ ቴነር፣ ወፍራሙ ቤዝ። እያንዳንዱ ቡድን ሌላ ዜማ ይይዛል። አንዱ ቡድን ሲለማመድ ሌሎቹ ዝም ብለው በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፤ የዲሲፕሊን ችግር የሚነሳው ያኔ ነው። ሲገጣጠም ግን፣ አራቱ መስመሮች መጀመሪያ ሲገናኙ የልጆቹ ፊት ሲለወጥ ማየት ነው።

ቤተ ክርስቲያን እየዘመረ ያደገ ልጅ ይቀለዋል?

ግማሹ ይቀለዋል፣ ግማሹ ይከብደዋል።

የሚቀለውን እናስቀድም። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ያደገ ልጅ ግጥምና ዜማ በቃሉ መያዝ ለምዷል፤ ብዙ የአሜሪካ ልጆች ለኮንሰርት በቃል ያዙ ሲባሉ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ሰው ፊት መቆም አይፈራም። ረጅም ሰዓት መቆምም ለሱ ብርቅ አይደለም፤ ማሕሌት የቆመ ልጅ የአንድ ሰዓት ተኩል ኮንሰርት አያስጨንቀውም።

ሌላም ጥቅም አለ፤ ወላጆች አያስቡትም። የኳየር መምህራን ብዙ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በአናባቢ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ልጅ "ኦ" ሲል አፉ መጨረሻ ላይ ወደ "ኡ" ይንሸራተታል፣ "ኤ" ሲል ወደ "ኢ" ይሄድበታል። በላቲን ወይም በጣሊያንኛ ሲዘመር ይህ ስህተት ነው፤ ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት። አማርኛ የሚናገር ልጅ ኡ፣ ኢ፣ አ፣ ኤ፣ ኦን ከፊደል ገበታው ጋር ይዟቸው መጥቷል። ቤት ውስጥ አማርኛ እንዲናገር ሌላ ምክንያት ቢፈልጉ ይኸው።

የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው። በያሬዳዊው ዜማ፣ ግዕዝ ይሁን ዕዝል ይሁን አራራይ፣ ሁሉም አንድ ዜማ ነው የሚያዜመው። በባህላዊ ቅኝቶቻችንም፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል፣ በአንቺሆዬ፣ ሁሉም የሚከተለው አንድ ዜማ ነው፤ ውበቱ ድምፁን በማወዛወዝና በማስጌጥ ነው። ኳየር ክፍል ውስጥ አልቶ የሆነች ልጅ ዋናው ዜማ አጠገቧ ሶፕራኖዎች ጋ እየተዘመረ የሷን መስመር መያዝ አለባት። ጆሮዋ ወደ ዋናው ይስባታል። ድምፅ ማስጌጥም አይፈቀድም፤ ከአርባ ልጅ መካከል የአንዷ ድምፅ ለብቻው ተለይቶ ከተሰማ መምህሩ ያስቆማል። ቤተ ክርስቲያን "ድምፅሽ እንዴት ያምራል" ስትባል የኖረች ልጅ እዚህ "ቀንሺ" ስትባል ቅር ሊላት ይችላል። መስመሯን ብቻ በስልክ ቀርጻ እየደጋገመች ብትሰማው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይያዛታል።

ወንዱ ልጄ ድምፁ እየጎረነነ ነው፤ ይቆይ?

አይቆይ። የዘጠነኛ ክፍል ወንዶች ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው፤ መምህሩም ያውቀዋል። ድምፁ ሲወርድ ከቴነር ወደ ቤዝ ይዛወራል፣ መሃል ላይ የማይወጣለትን ድምፅ እንዲዘለው ይፈቀድለታል። ጎጂው መጮህና በግድ ማውጣት ነው። ወንድ ዘማሪ ደግሞ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ የሚፈለግ ሆኖ ይሰማዋል፣ በዚያ ዕድሜ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በቅርብ ነው የመጣችው፤ እንግሊዝኛዋ ገና ነው። ትችላለች?

እንዲያውም ከሁሉ በፊት ሊያስገቧት የሚገባው ክፍል ይህ ይመስለኛል። የታሪክ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ የምትውል ልጅ ኳየር ውስጥ ከሁሉም ጋር እኩል አፏን ትከፍታለች። ቃሉ ቀስ ብሎ፣ ቃና ይዞ፣ ሃያ ጊዜ ይደጋገማል፤ አነጋገሯን የሚያርማት መምህር ሁሉንም ልጅ ስለሚያርም አታፍርም። ከመዝሙሮቹ ግማሹ በላቲን፣ በስፓኒሽ ወይም በዙሉ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ጀማሪ ነው።

የሌላ እምነት መዝሙር ያዘምሩታል? ዓለማዊ ዘፈንስ?

ሁለቱም ይኖራሉ። የምዕራቡ ዓለም የኳየር ሙዚቃ ከቤተ ክርስቲያን ነው የወጣው፤ ስለዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤትም ቢሆን የላቲን ቅዳሴ ክፍል፣ የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙር፣ የገና መዝሙር ይዘመራል። ሕጉ ይህንን ይፈቅዳል። በ1980 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በደቡብ ዳኮታ የሱ ፎልስ ትምህርት ቤቶች ላይ በቀረበ ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሃይማኖታዊ ሙዚቃ ለትምህርት ዓላማ፣ ወገንተኝነት ሳይኖር ሊቀርብ ይችላል ብሏል። በ1995 በዳንከንቪል፣ ቴክሳስ ጉዳይ ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቁም ነገር ካለው የኳየር ሙዚቃ ከ60 እስከ 75 በመቶው ሃይማኖታዊ ይዘት እንዳለው የቀረበለትን ምስክርነት ጠቅሷል። ማስጸለይ ወይም መስበክ ግን የመምህሩ ሥልጣን አይደለም።

ሙስሊም ቤተሰቦች የገና መዝሙሩን፣ የኦርቶዶክስና የጴንጤ ቤተሰቦች ደግሞ የፖፕ ዘፈኑን ይጠይቃሉ። መፍትሔው ለሁሉም አንድ ነው፦ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የመዝሙሮቹን ዝርዝርና ግጥም ይጠይቁ። ልጁ ሊዘምረው የማይችለው ካለ ያኔውኑ በአጭር ኢሜይል ያሳውቁ። አብዛኛው መምህር ያንን አንድ መዝሙር እንዲያልፈው ያደርጋል ወይም ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ልጁ ለአባቱም ለመምህሩም ሳይነግር መድረክ ላይ አፉን ዘግቶ ሲቆም ነው ሁሉም የሚጎዳው።

በጾም ወቅት ኮንሰርት አለ፤ ምን ላድርግ?

አለ፣ ሁልጊዜም አለ። የዲሴምበሩ ኮንሰርት በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል፤ የማርችና የኤፕሪሉ ውድድር በዐቢይ ጾም፤ በነዚህ ዓመታት ደግሞ ረመዳን በፌብሩዋሪና በማርች አካባቢ ነው።

መታወቅ ያለበት ነገር፦ መድረኩ ላይ ያለው ደረጃ ጠባብ ነው፣ መብራቱ ይሞቃል፣ ልጆቹ ተጠጋግተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ባዶ ሆዱን የሆነ ልጅ ጉልበቱን ቆልፎ ከቆመ ራሱን ሊስት ይችላል፤ መምህራን "ጉልበታችሁን አላሉ" እያሉ የሚጮኹት ለዚህ ነው። የሚጾም ልጅ ከመድረሻው ሰዓት በፊት ሽሮም ሆነ ምስር በልቶ ይሂድ። ረመዳን ላይ ያለ ልጅ ውኃ ስለማይጠጣ ጉሮሮው ይደርቃል፤ ሱሑር ላይ በደንብ ይጠጣ፣ ቀን ላይ ጮኾ አይናገር፣ ማፍጠሪያው በኮንሰርቱ መሃል የሚውል ከሆነ ተምርና ውኃ የሚያስቀምጥበትን ቦታ መምህሩን ቀድሞ ይጠይቅ። እንዳዞረው ከተሰማው መቀመጥ እንደሚፈቀድለት ይንገሩት፤ ልጆች አፍረው ነው የሚወድቁት።

የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 መሆኑን፣ ፋሲካችንም ብዙ ዓመት ከነሱ እንደሚለይ ለመምህሩ በጽሑፍ ይላኩ። የዲስትሪክቱ ካሌንደር ላይ በዓሉ ባይኖርም ለሃይማኖታዊ በዓል ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ።

ስንት ያስወጣል?

የተለመዱት የልብስ ኪራይ ወይም ግዢ፣ ቲሸርት፣ የውድድር መመዝገቢያና የጉዞ ክፍያ ናቸው። ከሁሉ ውዱ ጉዞው ነው። ልጅዎ ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ የሚያገኝ ከሆነ ብዙ ክፍያ ሊነሳለት ይችላል፤ ግን መጠየቅ አለበት። "ምን ይሉኛል" ብሎ ልጁን ከጉዞ ያስቀረ ወላጅ ብዙ ነው፤ የመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ግን ለዚሁ የተቀመጠ ገንዘብ ሊኖር ይችላል።

ብስኩት ሊጥ ሽጡ፣ መኪና እጠቡ የሚባለው ገንዘብ ማሰባሰቢያም ለዚሁ ነው። አንዳንድ ቦታ ልጁ የሸጠው በስሙ ይያዝና ከጉዞው ላይ ይቀነሳል፤ አንዳንድ ቦታ ወደ ጋራ ኪስ ይገባል። የትኛው እንደሆነ ጠይቆ መጀመር ነው።

ስለ ልብሱ፦ ሴቶች ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ወንዶች ቱክሲዶ ወይም ጥቁር ሱሪና ሸሚዝ ነው ብዙ ጊዜ። ጥቁር ጫማ ከነጭ ካልሲ ጋር አይሆንም። ሒጃብ የምታደርግ ልጅ ጥቁር ሒጃብ፣ ክንዷን የሚሸፍን ጥቁር ሸሚዝ ከውስጥ ትለብሳለች፤ ነጠላና ሽቶ ግን ቤት ይቅሩ። ሽቶ አስም ያለበትን ጎረቤት ዘማሪ ያስላል።

ውድድሩና "ኦል ስቴት" የሚሉት ምንድን ነው?

በፀደይ፣ ማርችና ኤፕሪል አካባቢ፣ ኳየሩ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ በዳኞች ፊት ይዘምራል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ እያንዳንዱ ቡድን ከተቀመጠው መስፈርት አንጻር ይመዘናል፣ ከፍተኛው ደረጃ "ሱፒሪየር" ይባላል። ከመድረኩ ቀጥሎ ሌላ ክፍል ያስገቧቸውና አይተውት የማያውቁትን ኖታ ይሰጧቸዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ አጥንተው ይዘምሩታል። ዓመቱን ሙሉ በእጅ ምልክት የለፉት ለዚያች ክፍል ነው።

ኦል ስቴት የግል ነው። ከስቴቱ ሁሉ በኦዲሽን የተመረጡ ልጆች ተሰብስበው ለጥቂት ቀናት በእንግዳ መሪ ይለማመዱና አንድ ትልቅ ኮንሰርት ያቀርባሉ። ለኮሌጅ ማመልከቻ ጥሩ መስመር ነው፤ ለልጁ ግን ከዚያ የሚበልጠው መቶ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ሲተነፍስ መሃሉ መቆሙ ነው።

ጉዞው ሌላ አገር ነው፤ ልፈርም?

ወደ ኒው ዮርክ ወይም ኦርላንዶ ከሆነ የሚጠይቁት የታወቀ ነው፦ ማን አብሯቸው ይሄዳል፣ ክፍል እንዴት ይደለደላል፣ ለሚጾም ልጅ ምግብ አለ ወይ።

ካናዳም ትሁን አውሮፓ፣ ከአሜሪካ ውጪ ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ልጅ ቅድሚያ የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአገር ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ተመልሶ መግባቱም ዋስትና የለውም። ከመፈረምና ቀብድ ከመክፈል በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃዎን ያነጋግሩ። ለመምህሩ ምክንያቱን የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም፤ "በዚህ ጉዞ አይሄድም" ማለት ይበቃል።

ኤፒ የሚባለውን የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት አይሻማበትም?

ሰዓት ይሻማል፣ አዎ። ችግሩ የኳየር ከባድነት ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ቻምበር ኳየር በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ አንዳንድ የኤፒ ትምህርትም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ሰዓት ላይ ከወደቁ አንዱ ይቀራል። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በአብዛኛው ቦታ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ካውንስለሩ ጋ ሄደው "እነዚህን ሁለቱን ይፈልጋል" ቢሉ ሊስተካከል ይችላል። ኦገስት ላይ አይስተካከልም።

ኮሌጅን በተመለከተ፣ አራት ዓመት በአንድ ነገር የጸና ልጅ በየዓመቱ አዲስ ክበብ ከሚቀያይረው የተሻለ ይታያል። አንዳንድ ኮሌጆች ሙዚቃ ለማያጠና ዘማሪም የተወሰነ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። በሚኒሶታ ሴንት ኦላፍን የመሰሉ ኮሌጆች በኳየራቸው ነው ስማቸው የገነነው። በሜሪላንድ ደግሞ ለምረቃ የሚጠየቀው የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት አለ፤ ኳየሩ አረጋውያን ቤት ሄዶ ሲዘምር ይቆጠር እንደሆነ መምህሩን ያስጠይቁት።

ኮንሰርት ላይ ወላጅ ምን ያደርጋል?

ይመጣል፤ ዋናው እሱ ነው። በር የሚዘጋው መዝሙር ሲጀመር ነው፤ ያረፈደ ሰው እስኪያልቅ ውጪ ይጠብቃል። ትንንሾቹ ልጆች ካለቀሱ ይዞ መውጣት ነውር አይደለም፣ አለመውጣት ነው። የራስ ልጅ ከዘመረ በኋላ ተነሥቶ መሄድ ደግሞ መምህራንን በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፤ የመጨረሻው ቡድን ለባዶ ወንበር ይዘምራል።

እልልታን በተመለከተ፦ በመዝሙር መሃል አይሁን። ሲያልቅ፣ መሪው እጁን ሲያወርድ፣ ሌላው ሲያጨበጭብ እልል ቢሉ የሚቆጣ የለም። ልጅዎ መጀመሪያ መሬት ብትውጠው ትመኛለች፣ በማግስቱ ጓደኞቿ "ያንቺ እናት ናት እንዴ?" ሲሏት ትኮራለች።

ልጄ አልወደደችውም፤ መውጣት ትችላለች?

ትችላለች፣ ግን ጊዜው አጭር ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክፍል መቀየር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ መውጣቷ ትራንስክሪፕት ላይ ሊጻፍ ይችላል። ብዙዎቹ መውጣት የሚፈልጉት ኦክቶበር ላይ፣ መዝሙሩ ገና ሳይገጣጠም፣ የራሷን መስመር ብቻ እየደጋገመች ሲሰለቻት ነው። እንደኔ እንደኔ እስከ መጀመሪያው ኮንሰርት መቆየት ይሻላል። ያም ሆኖ ውሳኔው ከመድረሱ በፊት ቀኑን ይወቁት፤ ካውንስለሩን "መጨረሻው የመቀየሪያ ቀን መቼ ነው?" ብለው ዛሬ ይጻፉለት።